ባለ ሽርጡ ቀዛፊ

ስራቦን 2፣ ቅዳሜ

ሰንደቃችን ዛሬ ለሁለት ተሰነጠቀ። ከቀትር በኋላ የመጣው ነፋስ ግማሹን ነጥቆ በሜግና ወንዝ ላይ ይዞት በረረ። ለእኛ የቀረልን የአርማዋ ጀልባ ቂጥና ሁለት የውሃ አበባ ቅጠል ነው። አጎቴ ሃሪፖዶ መረባቸውን እየጎተቱ አዩንና ወንዙን የሚያዳርስ ድምፅ አወጡ፦ «ምነው! ወና ጀልባችሁን ደግሞ ለሁለት ገመሳችኋት?»

ወና ጀልባ እኛ ነን። በፖሊስ ሰንደቅ ላይ በውሃ አበባ የተከበበች ባለ ሸራ ጀልባ አለች፤ ውስጧ ግን ማንም የለም። የካጆልካንዲ መንደር ዓሣ አጥማጆች ይህን ካስተዋሉ ወዲህ ስማችን እሱ ሆኖ ቀረ። ከመታጠፊያው ብቅ ስንል «ወና ጀልባ መጣች!» እየተባባሉ ሙሽራ እንደመጣች ይቀባበሉናል። ፖሊስ ሲጠሩት አይመጣም፣ ቢመጣም ሰው የለበትም ማለታቸው ነው። መናደድ ሲገባኝ ሳቄ አመለጠኝ።

አለቃችን ቶፋዛል ሳሄብ ስስቅ አዩኝ። «ኮሂኑር፣ መሪ የያዝሽው ለሙከራ ነው፤ እንዳትረሺ» አሉ። «ዝናቡ ሳያልፍ አንዲት ጥፋት ካገኘሁብሽ የከተማው ቢሮ ወንበርሽ ይጠብቅሻል።»

ወንበሩን አውቀዋለሁ። አንድ እግሩ አጭር ነው፤ የሚያየው ግድግዳ ነው። ከእሱ ተነስቼ እዚህ ጣቢያ መሪ የያዝኩ የመጀመሪያዋ ሴት ነኝ። ጠዋት ጠዋት መሪውን ስጨብጥ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ሰው ቢያየኝ አበደች ይላል። ወደዚያ ወንበር ከምመለስ የወንዙን ጭቃ ብበላ ይሻለኛል።

ሞተረኛው ወንድም ሞክሌስም (ዘመዴ አይደለም፤ እኛ ዘንድ ባልደረባው ሁሉ ወንድም፣ ታላቁ ሁሉ አጎቴና አክስቴ ነው) ስቋል፤ እሱ ግን ከታች ሞተር ቤት ሆኖ ስለሚስቅ አለቃ አይሰሙትም። ስለሱ ቀለም ማባከን አልፈልግም። ሲያፏጭ ዜማው አይገጥምለትም። ሻይ ሲጠጣ ያንኳኳል፤ ሻይ ምኑ ይንኳኳል? ጥፍሩ ሥር ግራሶ አለ። ይበቃል።

ስራቦን 5፣ ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ታስረን ዋልን። ከተማ ያለው የዕቃ ግምጃ ቤት ሰንደቅ የሚልከው ዝናቡ ሲያበቃ ነው አሉ። አለቃ ደግሞ «ሰንደቅ የሌላት የፖሊስ ጀልባ እንጨት ናት፣ ደንብ ደንብ ነው» ብለው መውጣት ከለከሉ። ዓሣው በሚወጣበት ወቅት እኛ ወደቡ ላይ ቁጭ ብለን ብስኩት እያረጠብን እንበላለን።

መፍትሔው ማሰፋት ነው። ደግሞ ዝም ብሎ መስፋት አይደለም። በአርማዋ ጀልባ ሥር «ፖሊስ» ተብሎ ስለሚጻፍ ጨርቁ ነጠላ ከሆነ ጽሕፈቱ ከጀርባ ይገለበጣል። አሮጌው እንዲያ ስለነበረ የምሥራቁ ዳር ሰዎች «ስሊፖ» ነበር የሚሉን። አዲሱ ሁለት ጨርቅ ጀርባ ለጀርባ ተሰፍቶ በየጎኑ የየራሱ ጀልባ እንዲኖረው አለቃ አዘዙ።

«እናቴ ትሰፋዋለች» አለ ወንድም ሞክሌስ። እናቱ አክስቴ ጃሂዳ ከአሮጌ ሳሪ ካንታ ይሰፋሉ፤ የዚህ አገር ሰው ሁሉ የተኛው እሳቸው ደራርበው በሰፉት ልብስ ተሸፍኖ ነው።

«ወንድም ሞክሌስ፣ ይሄ እኮ የፖሊስ ሰንደቅ ነው፤ የሕፃን መጠቅለያ አይደለም» አልኩት።

«ፖሊስን ብርድ አይመታውም ያለሽ ማነው?»

አላሳቀኝም። ማለቴ፣ እሱ ፊት አልሳቅሁም።

ስራቦን 9፣ ቅዳሜ

ጨርቁንና የአርማውን ሥዕል ይዤ አክስቴ ጃሂዳ ዘንድ ሄድኩ። ሥዕሉን አስጠግተው አዩት፣ አራቁት፣ እንደገና አስጠጉት።

«እዚህ ጀልባ ውስጥ ማነው የሚቀመጠው?»

«ማንም።»

«ማንም?» መርፌያቸው አየር ላይ ቀረ። «በዚህ ውሃ ላይ? በስራቦን ዝናብ?»

«አርማ ነው አክስቴ። ደንቡ ላይ ሰው የለም።»

«እንግዲያው ደንቡን የጻፈው ሰውዬ ወንዝ አያውቅም።»

የሚሉት ገብቶኛል። እዚህ ባዶ ጀልባ ስትንሳፈፍ ከታየች ሴቶች የያዙትን ጥለው ወደ ዳር ይሮጣሉ፤ የየቤቱ ወንድ ስም ይጠራል፤ የማን እንደሆነች እስኪታወቅ እሳት የሚያነድ የለም። የአክስቴ ጃሂዳ ባል ጀልባ ባዶዋን ስትመጣ ሞክሌስ ገና በሆዳቸው ነበር። እሳቸው ይህን አላነሱም፤ እኔም አላነሳሁም።

ወሬ ለመቀየር የልጃቸውን ጥፋት ነገርኳቸው። ማፏጨቱን፣ ሻዩን፣ ግራሶውን። መሪ ስይዝ ከታች ከሞተር ቤት በመነጋገሪያው ቧንቧ «ንግሥቲቱ፣ ወዴት ነን?» እያለ እንደሚያበሽቀኝ፣ ሲስቅ ግራ ጆሮው ብቻ እንደሚንቀሳቀስ፣ ያቺን ሰማያዊ አራት ማዕዘን ያለባትን ሽርጥ ካልሆነ ሌላ እንደማይለብስ። አክስቴ ጃሂዳ ከምስር ጋር በተቀቀለው ሩዝ፣ በኪቹሪው ላይ የተጠበሰ ኢሊሽ ዓሣ እየጨመሩልኝ «እሺ፣ ሌላስ?» ይሉኛል። የሚሰማ ሰው ሳገኝ አፌ አይዘጋም። ዝናቡ አቁሞ ኖሮ አላወቅሁም።

«ያንቺስ ጠጉር ሁልጊዜ በአንድ ጉንጉን ነው?» አሉኝ ስወጣ።

«አዎ፣ ለቆቡ ስለሚመች።»

ለምን እንደጠየቁኝ እንጃ።

ስራቦን 14፣ ሐሙስ

በጥድፊያ ነው። ሰንደቁ መጣ። ስፌቱ ግሩም። ከላይ ያለውን ጎን ገለጥ አድርጌ አየሁ፤ ውሃ አበባው ውሃ አበባ፣ ሸራው ሸራ፣ ጀልባዋ ውስጥ...

ሰው!

አውራ ጣቴን የሚያክል ቀዛፊ፣ መቅዘፊያ ይዞ፣ ሽርጥ ለብሶ። ሽርጡ ሰማያዊ አራት ማዕዘን አለበት። አንድ ጆሮው ከሌላው ወጣ ያለ ነው!!

አለቃ ገቡ። ጠቅልዬ ለወንድም ሞክሌስ ወረወርኩት፤ ሰቀለው። አለቃ መነጽር ማድረግ ያሳፍራቸዋል፤ ዓይናቸውን አጥብበው ወደ ላይ ተመለከቱና «ግሩም፣ ልክ እንደ ደንቡ!» አሉ።

መሪው ላይ እስክደርስ አፌን በእጄ ይዤ ነበር። ከዚያ ብቻዬን እስከ እንባ ሳቅሁ። ከዚያ ወንበሩ ትዝ አለኝ።

ስራቦን 16፣ ቅዳሜ

ሰውየውን እንዲፈቱት ልለምን ሄድኩ።

«አክስቴ፣ እባክዎ። ማንም ሳያይ ክሩን ይምዘዙልኝ። ሰንደቁን ያሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ጣጣው የኔ ነው የሚሆነው።»

«ሰው ከጀልባ አላወርድም።»

«የክር ሰው ነው እኮ!»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ሰው ከጀልባ አላወርድም» አሉ። ድምፃቸው ተለወጠ። ቀጥለው ደግሞ ሳቅ አሉና «ሁሉንም ወንድም ነበር የምትዪው። ቅድም ስትገቢ ግን ‹ሞክሌስ አለ?› ብለሽ ጠየቅሽ። ‹ወንድም› የሚለውን የት ጣልሽው?» አሉኝ።

ለጥድፊያ ነው አልኳቸው። ቃሉ ረጅም ነው፤ ሰው ሲቸኩል ያሳጥራል። እውነቴን ነው። ዓሣ ነጋዴውን ወንድም፣ ሻይ ሻጩን ወንድም፣ ባለፈው የያዝነውን የመረብ ሌባ እንኳ ወንድም ብዬው የለ? ከነገ ጀምሮ ሞክሌስንም በደንብ ወንድም እለዋለሁ።

ስራቦን 22፣ ዓርብ

ሰዎች ምን ሆነዋል?

ወደቡ ላይ ስወርድ ሴቶቹ ልብስ ማጠቡን ትተው እርስ በርስ ይነካካሉ። አንዷ «ዛሬ የታየው የቱ ጎን ነው?» ስትል ሌላዋ «የሷ፣ የሷ!» ብላ ሳቅ አፈነዳች። ጫማዬን አየሁ፤ ንጹሕ ነው። ቆቤን ነካሁ፤ ልክ ነው። ሻይ ሻጩ ወንድም ሉትፎር ደግሞ ሳልጠይቀው ሁለት ብርጭቆ ቀዳና «አንዱን ለቀዛፊው ውሰጂለት» አለኝ። ከዚህ የገባኝ ቀዛፊውን አገር ሁሉ እንዳየው ነው። ዓሣ አጥማጅ ዓይኑ ጥሩ ነው። ያላዩት አለቃ ብቻ ናቸው፤ ተመስገን!

«ወና ጀልባ መጣች» የሚለንም የለም። ዛሬ ከመታጠፊያው ብቅ ስንል የጮኹት «መጡ! መጡ!» ብለው ነው። ያን ጊዜ አላስተዋልኩም፤ አሁን ስጽፍ ነው ያስተዋልኩት።

ሞክሌስ ሰንደቁን ለማንም አያስነካም። ሲሰቅልም ሲያወርድም እሱ ነው፤ ሲያጥፈውም ያንኑ ባለ ሽርጡን ጎን ወደ ላይ አድርጎ ነው። ራሱን በጣም ሳይወድ አይቀርም። እኔ እንደሁ ስነዳ ወደ ኋላ አልመለከትም፤ መሪ ይዞ ወደ ኋላ ያየ አሸዋ ላይ ይወጣል። ወንድም ማለቱን ደግሞ ረሳሁት።

ስራቦን 28፣ ሐሙስ

ሳቁ ቀረ።

ትናንት በዚያ ዶፍ ውስጥ ግራጫ ቀለም ያላት፣ የፖሊስ ሰንደቅ የሰቀለች ጀልባ አጎቴ ሃሪፖዶን አስቁማ ያጠመዱትን ኢሊሽ እስከ መጨረሻው ወሰደችባቸው። ብቻቸውን ነበሩ። ዝናብ ልብስ የለበሱ ሰዎች ናቸው፣ ፊታቸው አይታይም። አጎቴ ሃሪፖዶ በስብሰው ቤታቸው ገብተው «ወና ጀልባ ዘረፈችኝ» አሉ፤ ከዚያ ትኩሳት ጣላቸው፤ አሁን ማንንም አያውቁም።

ወና ጀልባ። ሌላ ምስክር ማን ይፈልጋል? የኛም ጀልባ ግራጫ ናት። እኛም ትናንት በዚያው ወንዝ፣ በዚያው ዝናብ ውስጥ ነበርን።

ወደቡ ላይ ስወርድ እርስ በርስ የተነካካች ሴት አልነበረችም። ወንድም ሉትፎር ሻይ ቀዳልኝና ዓይኔን ሳያይ አስቀመጠው። የአጎቴ ሃሪፖዶን ቅርጫት ደጃፋቸው ላይ ተደፍቶ አየሁት። የሚሰድቡኝ ሰው ዝም ሲሉ ይህን ያህል እንደሚከፋኝ አላውቅም ነበር። ፈርቻለሁ።

ባድሮ 1፣ ሰኞ

ከአውራጃ ስልክ ተደወለ። ናፊሳ ማዳም ሐሙስ ይመጣሉ፤ የበላይ መኮንን ናቸው፤ ሲስቁ ያየ የለም ይባላል። መጀመሪያ ጀልባዋንና ሰንደቁን ይፈትሻሉ፤ ቀጥሎ ዓሣ አጥማጆቹን ይሰማሉ።

አለቃ ተቀምጠው ተነሱ፣ ተነስተው ተቀመጡ። «ጥፋት ከተገኘ ይበትኑናል» አሉ። «እኔን ወደ ጡረታ። ሞክሌስን ወደ ደቡብ፣ ወደ ባሕሩ። አንቺን ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ፤ ግድግዳው። ስለ ወንበሩ ሳስብ ይጨንቀኛል። ሌላው አያስጨንቀኝም። ደቡብ ሩቅ ነው? በጀልባ ስንት ይፈጃል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው የምጠይቀው።

ሌባ እንዳልሆንን አውቃለሁ። ግን እንደ ደንቡ ያልተሰፋ ሰንደቅ ይዞ «ደንብ አክባሪ ነኝ» ቢሉ ማን ያምናል? ማዳም የመጀመሪያ የሚያዩት ያንን ባለ ሽርጥ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል።

ባድሮ 3፣ ረቡዕ

ምላጭ ገዛሁ። ወስኛለሁ፤ ቀዛፊውን እኔው ራሴ እፈታዋለሁ፣ አክስቴ ጃሂዳም ይማሩኝ። ከምሳ በኋላ ወደ ሰንደቁ ሳጥን ስሄድ ሞክሌስ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ የፈነዳ ሩዝ፣ ሙሪ፣ በሽንኩርት ይበላል።

«ተነስ።»

«እየበላሁ ነው።»

«ሰንደቅ ላይ አይቀመጥም፤ ነውር ነው።»

«የተቀመጥኩት ሳጥን ላይ ነው። ምላጩ ለምንድነው?»

«ላንተ።»

«እሺ» ብሎ አገጩን ወደ ላይ ሰጠኝ። ጢሙ አድጓል። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሳቄ መጣ፤ ሙሪውንም ዘግኜ በላሁበት።

ከዚያ ቆፍጠን አልኩና እውነቱን ነገርኩት። «ነገ ቀዛፊውን ካዩት አልቆልናል። እኔም መሪዬን አጣለሁ። አንተም...»

«እኔ ምን?»

«አንተም ትሄዳለህ።»

ሙሪውን ወደ ጎን አደረገ። «ኮሂኑር፣ ይህን ሳጥን ዛሬ አትክፈቺው» አለ። «ሌላ የፈለግሽውን ጠይቂኝ። እናቴ ናት የሰፋችው፤ ነገ ማዳም ፊት ‹የእናቴ ጥፋት የኔ ጥፋት ነው› እላለሁ። ግን አትክፈቺው።»

ግራ ጆሮው ቀልቶ ነበር። የእናቱ ነገር ነው ብዬ አዘንኩለት። ምላጩን ወንዝ ውስጥ ጣልኩት። አሁን ሞኝነቴ እየታየኝ እዚህ ተቀምጫለሁ፤ መሪዬን ለአንድ ጆሮ ሸጥኩት!

ባድሮ 4፣ ሐሙስ

ከየት ልጀምር? ሁሉንም ካልጻፍኩት አልተኛም።

ናፊሳ ማዳም ቀጭን ናቸው፤ ጃንጥላቸውን ራሳቸው ይይዛሉ። ወደቡ ላይ ጠረጴዛ ተዘረጋ። ዓሣ አጥማጁ፣ ሴቱ፣ ሻይ ሻጩ፣ አገሩ ሁሉ ወጥቶ ቆሟል። ማዳም መጀመሪያ ያሉት «ሰንደቁን» ነው።

ሞክሌስ አምጥቶ ዘረጋው፤ ባለ ሽርጡን ጎን ወደ ላይ። ማዳም አጎነበሱ። ቀና አሉ። አለቃን አዩዋቸው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሰንደቅ ነው፣ ማዳም፤ እንደ ደንቡ...»

«ጀልባው ውስጥ ያለው ማነው?»

አለቃ እዚያው እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው የሚያሳፍራቸውን መነጽር አወጡ። አዩ። ፊታቸው የበሰለ ሩዝ መሰለ። ሞክሌስ «የኔ ጥፋት...» ሲል እኔ «ያሰፋሁት እኔ ነኝ» ስል፣ ሁለታችንም አንድ ላይ ስንጮህ፣ ከሕዝቡ መሐል አንድ ሳል ተሰማ።

አጎቴ ሃሪፖዶ! በሁለት ሰው ተደግፈው፣ በካንታ ተጠቅልለው፣ ግን በእግራቸው።

«እነዚህን ለምን አቆማችኋቸው?» አሉ።

«የዘረፈችዎ ወና ጀልባ ናት ብለዋል» አሉ ማዳም።

«አዎ ብያለሁ! ወና! ወና ማለት ምን እንደሆነ በዚህ አገር የሚያውቅ ጠፋ?» ትኩሳቱ የበላውን ድምፅ ሁሉ መልሰው አገኙት። «ቅርቤ መጥታ ሰንደቋ አፍንጫዬን ሊነካ ምንም አልቀረው። ሰንደቋ ላይ ባለችው ጀልባ ውስጥ ሰው የለም፤ ባዶ፣ ወና! ያን ነው ያልኩት። ይህቺ ግን ሰው አላት። ልጁንም አውቀዋለሁ፣ የጃሂዳ ልጅ ነው፣ ጆሮውን አታዩም? እናንተ የሰማችሁት ቅጽል ስማቸውን ነው እንጂ እኔ የነገርኳችሁን መቼ ሰማችሁ?»

ሕዝቡ አንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ስማችንን ሰምተው እንጂ ቃሉን አልሰሙትም ነበር! አገር ሙሉ «ወና ጀልባ» ሲባል እኛን አየ፤ እኔም ራሴ።

«በሌላውም ጎን ሰው አላት» ብላ አንዷ ልብስ አጣቢ ከኋላ ጮኸች። «ያገላብጡት፣ ማዳም!»

ሞክሌስ «አያስፈልግም» አለ። ማዳም አገላበጡት።

እንደ መጀመሪያው ውሃ አበባ፣ እንደ መጀመሪያው ሸራ። ጀልባዋ ውስጥ ግን ቆብ ያደረገች ሴት፣ ጠጉሯ በአንድ ጉንጉን፣ መሪ ይዛ ቆማለች። አፏ ክፍት ነው። እያወራች ነው ያለችው!

ሴቶቹ «የሷ፣ የሷ!» የሚሉት፣ ወንድም ሉትፎር ሁለት ብርጭቆ የሚቀዳው፣ «መጡ! መጡ!» የሚሉን፣ ያ ሳጥን... ሁሉም በአንድ ጊዜ ተገለጠልኝ። ያላየነው እኔና አለቃ ብቻ ነን፤ አለቃስ መነጽር አላደረጉም፣ እኔ ምን ሆኜ ነው?

«ይህችስ ማናት?» አሉ ማዳም።

«ይህቺማ ይህቺ ናት» አሉ አጎቴ ሃሪፖዶ በጣታቸው እያሳዩኝ፤ ከዚያ እንደ ቀላል ነገር «ያቺኛዋን ሌባ ጀልባ ደግሞ አሁን ስመጣ ከአሸዋው ደሴት ጀርባ አየኋት። ልናገር ብል ሁላችሁም ተሰልፋችሁ ሰንደቅ ታያላችሁ» አሉ።

ማን እንዳዘዘ አላስታውስም። መሪው እጄ ላይ ነበር፣ ማዳም አጠገቤ ቆመዋል፣ ጃንጥላቸው ወንዝ ውስጥ ቀርቷል። ከደሴቱ ጀርባ ግራጫዋን አየኋት፤ አየችን፣ ተፈተለከች። ወደ ጥልቁ በኩል ልትዞር ስትል አቋርጬ መንገዷን መዝጋት ነበረብኝ። ወደ ቧንቧው ጮኽኩ፦

«ሞክሌስ! ያለህን ሁሉ ስጠኝ!»

ሰጠኝ። ጀልባችን እንደዚያ ስትሄድ አይቼ አላውቅም፤ እንደ ሕፃን እየጮኽኩ ነዳሁ። የግራጫዋ ነጂ ሰንደቃችን የት እንደደረሰ ለማየት ይሁን እንጃ፣ ዞሮ ወደ ኋላ አየና ጀልባዋ አሸዋው ላይ ወጣች። ብያለሁ፣ መሪ ይዞ ወደ ኋላ አይታይም!

ሁለት ሰዎች ናቸው፣ በረዶ ውስጥ ገና ያልተሸጠ ኢሊሽ ይዘዋል። ማዳም የሌቦቹን ሰንደቅ አውርደው ከኛው ጋር አስተያዩት። የነሱው በልኩ፣ በቀለሙ፣ በጽሕፈቱ ጉድለት የለውም። «የሚገርመው» አሉ ለአለቃ «በደንቡ የተሰፋው የሌቦቹ ነው።» ሳቁ። አይተናል፣ ይስቃሉ!

ስንመለስ አጠገቤ ቆመው ወንዙን እያዩ «ሻይ ሻጩን ወንድም ስትዪ ሰማሁ። የያዝናቸውን ሌቦች እንኳ ‹ወንድሜ፣ እጅህን ስጠኝ› አልሻቸው» አሉ። «ሞተረኛውን ብቻ...»

«ጥድፊያ ነው፣ ማዳም። ቃሉ ረጅም ነው።»

«እንደሱ ይሆናል» አሉ።

ባድሮ 6፣ ቅዳሜ

የማዳም ትእዛዝ መጣ፤ አለቃ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡልን። በሰንደቁ ላይ ሰው መኖሩ ከደንብ ውጭ ስለሆነ ግምጃ ቤቱ ሌላ እንዲልክ ታዟል፤ እስኪልክ ድረስ ያለው ይውለብለብ። ግምጃ ቤቱን ለምናውቅ ይህ ማለት ለልጅ ልጆቻችን ነው። ሙከራዬም አልቋል፤ መሪው የኔ ነው። ግልጹን ልጻፈው፦ ወደቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሮጥኩ፣ ልብስ አጣቢዎቹን አቀፍኳቸው፣ አጎቴ ሃሪፖዶን ግንባራቸውን ሳምኩ። «ተው በሏት፣ ትኩሳቱ ተጋብቶባት ነው!» እያሉ ይጮኻሉ።

ሞክሌስን አላናገርኩትም። ሁለት ቀን ሙሉ ስንገናኝ መሬት መሬት እናያለን። ማፏጨቱንም ትቷል፤ ሞተር ቤቱ ጭር ሲል አላስችል አለኝ። በቧንቧው «አፏጭ እንጂ!» አልኩት። አፏጨ። ዜማው አሁንም አይገጥምም፤ እንዴት ደስ ይላል።

ባድሮ 10፣ ረቡዕ

አክስቴ ጃሂዳ ወደቡ ድረስ በእግራቸው መጡ። በብብታቸው ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ አለ፤ አሮጌ ሳሪ ነው፣ ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ ያኖሩት ቀይ። ሞክሌስ አያቸውና ሞተር ቤት ገብቶ ተደበቀ።

«ያ ሰንደቅ ሲያሳዝነኝ ከረመ» አሉኝ ሳጥኑ ላይ እየተቀመጡ። «ሁለት ጨርቅ ነው። እሱ በዚያ ጎን፣ አንቺ በዚህ ጎን፣ ጀርባ ለጀርባ። ቀኑን ሙሉ አንድ ላይ ትውለበለባላችሁ፣ አትተያዩም።»

ምንም አላልኩም። እኔ! ኮሂኑር! ምንም አላልኩም።

«ካንታ ግን አንድ ፊት ነው ያለው።» ቀዩን ሳሪ ጉልበቴ ላይ ዘረጉት። «አንዲት ትልቅ ጀልባ እሰፋለሁ። ባዶ አልተዋትም፤ ከቤቴ ባዶ ጀልባ ሁለተኛ አይወጣም። እሱን አስቀምጠዋለሁ፣ ምርጫ የለውም፣ ልጄ ነው። አንቺን ግን ሳልጠይቅሽ አልሰፋም፤ የባለፈው ይበቃል።»

ከታች ፉጨቱ ቆመ። በቧንቧው ትንፋሹ ይሰማኛል።

ሳሪውን በእጄ ዳሰስኩት። ብዙ ጊዜ የታጠበ ነው፤ ለስላሳ ነው።

«አክስቴ፣ መሪውን ማነው የሚይዘው?» አልኳቸው።

መርፌያቸውን ከጠጉራቸው አወጡ። «ይሄም ጥያቄ ነው? አንቺ ነሻ።»

«እንግዲያው ይስፉ» አልኩ።